መልካም መስቀል ከአውድማው

እንኳን አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፈው መስከረም 15 ማታ ነው። ነገ ደመራ። ችቦው ተገዝቷል። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ በዓላችሁን ማበላሸት አልፈልግም።

በየዓመቱ በዚህ ምሽት የምልክላችሁ መልእክት አራት መስመር አይሞላም። ዘንድሮ ይረዝማል፤ ታገሱኝ። ነገ ደመራ የምንደምርበትን ሜዳ የተዉልን ሰው በዚህ መስቀል የሉም። «የተዉልን» የሚለውን ቃል ሲያዩ የሰፈሬ ሰዎች ሊያርሙኝ ስልክ እንደሚያነሱ አውቃለሁ። ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

ስማቸውን አልጽፍም። ልጆቻቸው ያነቡኛል፤ ሰላምታም አለን። ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ኢንጂነሩ» በሚለው ነው። ኢንጂነር ግን አልነበሩም። እንጨት ነጋዴ ነበሩ፤ ከአጣና ወደ ብሎኬት፣ ከብሎኬት ቤት ሠርቶ ወደ መሸጥ የገቡ። አንድ ፎርማን አንድ ቀን «ኢንጂነር» ብሎ ጠራቸው፤ አላረሙትም። እኛም ጠራናቸው፤ አላረሙንም። እንዲሁ እንደተባሉ ኖረው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ አረፉ።

በሰፈራችን አንድ ሰው የማን ወገን እንደሆነ ለማወቅ ስለ ኢንጂነሩ ጠይቁት። «እሳቸው» ካለ ቤቱን በጊዜ የተረከበ ነው። «እሱ» ካለ ወይ ካርታው የዘገየበት ነው፣ ወይ ግድግዳው የተሰነጠቀበት። «ሰውየው» ካለ ፍርድ ቤት ደርሶ የተመለሰ ነው። እኔ እንደ ቀኑ ነኝ። ዛሬ በዓል ስለሆነ «እሳቸው» ብዬ ጀምሬያለሁ። እስከ መጨረሻው መዝለቄን እንጃ።

አባቴ ውል የፈረመው በ1999 ነው። የጡረታ ገንዘቡንና እናቴ የሸጠችውን ወርቅ ይዞ ሄደ። ውሉ በአሥራ ስምንት ወር ይላል። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲው እስከሚያደርሰው ሄዶ፣ ቀሪውን በጭቃ በእግሩ ይወጣው ነበር። ሲደርስ ሳሎናችን የሚሆነውን ቦታ በእርምጃ ይለካል። ዘጠኝ እርምጃ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ይለካዋል። ያው ዘጠኝ ነው። ግን ደስ ብሎት ይመለሳል። በ2004 ሲሞት ቤቱ ገና ስላብ ላይ ጣሪያ የተጫነበት፣ መስኮትና በር ያልገባለት ነበር።

በሞተ በሃያኛው ቀን ኢንጂነሩ ቤታችን መጡ። ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ገቡ። እናቴ አጠገብ ተቀመጡና ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ ቁልፍ አወጡ። «በር አስገጥመናል። የጋሼን አርባ በቤታቸው አውጡ» አሉ። እናቴ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ከሌላኛው ኪሱ የርክክብ ቅጹን አወጣ።

አያችሁ? «እሱ» አልኩ።

ቅጹ «ቤቱን አይቼና ፈትሼ ተረክቤያለሁ» ይላል። መስኮት አልነበረውም። ውኃም አልነበረውም። እናቴ በእንባዋ መሐል ፈረመች። ስለ መዘግየቱ ውሉ ላይ የነበረው ቅጣት በዚያች ፊርማ አብሮ ቀረ። አርባው እዚያው ወጣ። መስኮቶቹን በሸራ ጋረድን፤ ውኃ በቦቴ አስመጣን። የመጣው ሰው ሁሉ «ይኸው ቤታቸው ገቡ» አለ። እናቴ እስካሁን ያንን ቀን ስታነሳ ኢንጂነሩን ትመርቃለች። እኔ የመጡት ለቁልፉ ይሁን ለፊርማው እስከዛሬ አላውቅም። ምናልባት ለእሳቸው ሁለቱ አንድ ጉዳይ ነበሩ።

አሁን ስለ ስንጥቁ። የመመገቢያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ። በበጋ ጣቴን ያስገባል። ክረምት ሲገባ ይዘጋል። ብናስለስነው፣ ቀለም ብንቀባው ለውጥ የለም። ጉዳዩን የነገሩኝ ባለሙያ አይደሉም። በር ላይ ቆሎ የሚሸጡት እማማ ናቸው። ሳቁብኝ።

«ይሄ እኮ መረሬ ነው ልጄ። ይተነፍሳል። ክረምት ጠግቦ ያብጣል፣ በጋ ተርቦ ይሰነጠቃል። እኛ እዚህ ጤፍና ሽምብራ እንዘራለን እንጂ ቤት አንሠራም። ቤታችን ወዲያ ድንጋያማው ላይ ነበር።»

በኋላ የሥራው ሰዎች ያረጋገጡልኝም ይህንኑ ነው። ጥቁሩ አፈር ተዝቆ ወጥቶ በገረጋንቲ መተካት ነበረበት። ከፊት ለፊት ላሉት ቤቶች ተተክቷል። ወደኛ ሲደርስ ወይ ገንዘቡ አለቀ፣ ወይ ጊዜው። እማማን ማንም አልጠየቃቸውም። መሬቱ የእሳቸው ነበር።

እማማ ልጅ ሳሉ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ሲባል፣ አባታቸው ከጭሰኝነት ወጥተው ያንን ማሳ እንዳገኙ ይነግሩኛል። ከአባታቸው በፊት ባለርስት ነበረበት ማለት ነው። ሁሉም አልፎ በ1998 ማሳው ለልማት ተፈለገ። በ1997 የወጣው የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 455፣ ከይዞታው እስከመጨረሻው ለሚነሳ ገበሬ ካለፉት አምስት ዓመታት የዓመት ገቢ አማካዩን ይወስድና በአሥር ያባዛ ነበር። እማማ ስሌቱን ከኔ የተሻለ ያውቁታል።

«አሥር ዓመት ዘርቼ የማገኘውን ቆጥረው ሰጡኝ። አሥራ አንደኛው ዓመት ላይ ምን ልብላ?»

አዲሱ አዋጅ፣ 1161/2011፣ አሥሩን ወደ አሥራ አምስት እንዳሳደገው አንድ ቀን ነገርኳቸው። ጥሩ ዜና የያዝኩ መስሎኝ።

«አሥራ ስድስተኛው ላይስ?» አሉኝ።

የኔ ሊዝ 99 ዓመት ይላል። ይህን አልነገርኳቸውም።

ኢንጂነሩ በዚህ ነገር ሲወቀሱ መልሳቸው አንድ ነበር። «መሬቱን ያስነሳው መንግሥት፣ በሊዝ የሰጠኝም መንግሥት። እኔ ምን አጠፋሁ?» ውሸት አይደለም። ግን እማማ መንግሥትን በራቸው ላይ አግኝተውት አያውቁም። በራቸው ላይ ያገኙት ዶዘር ይዘው የመጡትን ኢንጂነሩን ነው። አጥሩ ሲታጠር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው አቋራጭ ተዘጋ። እማማ እስከዛሬ ዞረው ነው የሚሄዱት። ያው ኢንጂነር ደግሞ የጉድጓድ ውኃ ሲያስቆፍሩ ከአጥሩ ውጪ ሁለት ቧንቧ አስወጡ። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። በ2012፣ በኮሮናው ጊዜ፣ እጅ ታጠቡ ሲባል ከአጥሩ ውጪ ያለው ሰፈር የታጠበው በዚያ ቧንቧ ነው። እንግዲህ አስታርቁልኝ።

ሲሞቱ እድሩ ተሰበሰበ። ኢንጂነሩ የእድሩ አባል ነበሩ፤ ግን የብዙ ወር ውዝፍ ነበረባቸው። የቀብር ላይ ቅጣትም ነበረባቸው። አንዱ ተነስቶ «ውዝፍ ያለበት ድንኳን አይተከልለትም፤ ሕጋችን ነው» አለ። ጸሐፊያችን መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «ድንኳኑን የሰጡን እኮ እሳቸው ናቸው» አለ። ወንበሮቹንም። ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ የኢንጂነሩ ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል። እኛ ሁላችን በዚያ ስብሰባ ላይ ስማቸውን ተደግፈን ተቀምጠን ነበር። ትንሽ ተሳቀ። ከዚያ ጸሐፊው ውዝፉ ተከፍሏል አለ። ማን እንደከፈለው ግን ስንት ጊዜ ብንጠይቀው አልተናገረም። እሱን ሰው በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። እጠረጥራለሁ፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ካልተሳሳትኩ ደግሞ፣ ከኢንጂነሩ ጋር አምስት ዓመት ተካሰህ ስታበቃ ሬሳውንም ተሸክመሃል። እግዜር ይስጥልኝ።

ለቅሶው ላይ እማማ መጡ። ሦስቱንም ቀን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት ተቀመጡ። እንደሳቸው ያለቀሰ አልነበረም። የኢንጂነሩ ሴት ልጅ እስክትደነግጥ ድረስ። በሦስተኛው ቀን ማታ ድንኳኑ ሲነሳ ወደ ቤት ስሸኛቸው አላስችል አለኝና ጠየቅኳቸው። ያን ያህል ይወዷቸው ነበር ወይ አልኩ።

ቆም አሉ። «ያንን ልጅ?» አሉ። ኢንጂነሩን ሁልጊዜ «ያ ልጅ» ነው የሚሏቸው። «እኔ መሬቴ ሲሄድ አላለቀስኩም። የት ላልቅስ? ለመሬት ድንኳን የሚተክል የለ። እሱ ሲሞት ድንኳን አገኘሁ፣ ወንበር አገኘሁ፣ የሚያስለቅስ ሰው አገኘሁ። አለቀስኩ።» ትንሽ ሄድን። «ለሱም ግን አልቅሻለሁ» አሉ። «ሲመጣ ቀጭን ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለ ኢንጂነሩ ለመናገር አፌን ስከፍት ይህ ነገር ይመጣብኛል።

ወደ ሜዳው ልመለስ፤ ቃል ገብቻለሁ። ቤት ሲሸጡልን የሰጡን ወረቀት ላይ ቦታው አረንጓዴ ነው፤ መዋኛ ገንዳም ተስሎበታል። ገንዳውን እርሱት። ኢንጂነሩ በየበዓሉ «ይህን ሜዳ ለልጆቻችሁ ትቼላችኋለሁ» ይሉ ነበር። እኛም እናመሰግን ነበር። አንዲት ጎረቤቴ፣ በሥራዋ ፕላን ማንበብ የምታውቅ፣ የጸደቀውን ፕላን ስታይ ግን ቦታው መጀመሪያውኑ ክፍት እንዲሆን የተመደበ ነው። የሰጡን የራሳችንን ነው። በሌላ በኩል ሌሎች ሰፈሮች እንዲህ ያለው ቦታ ሱቅ ሆኖ፣ ፎቅ ሆኖ ቀርቷል። የእኛ አልሆነም። ያልወሰደ ሰው ስለ አለመውሰዱ ይመሰገናል? እኔና ጎረቤቴ በዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ጀበና ቡና ጨርሰንበታል፤ ሳንስማማ።

በ2010 ግን ሜዳው ለአራት ወር በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር። ለምን እንደታጠረ ብዙ ተወርቷል። ከመስቀል ሁለት ቀን በፊት ቆርቆሮው ተነሳ። ለምን እንደተነሳም እንደዚያው። የማውቀው፣ ያን ዓመት ኢንጂነሩ ችቦ ይዘው መጥተው ከኛ ጋር እንደዞሩ ነው። ማንም ምንም አላላቸውም። ልጆቹ «ኢዮሃ» ሲሉ እሳቸውም አብረው አሉ። ድምፃቸው መጥፎ ነበር።

ሜዳው በእማማ ዘመን አውድማ ነበር። ይህን ያወቅሁት አምና ነው። ደመራውን ሦስት ጊዜ ስንዞር እማማ ዳር ቆመው ይስቃሉ። ምነው ስል «በሬዎቼም በዚሁ ነበር የሚዞሩት» አሉኝ። «እናንተ ግን ጭድ እንኳ አታወጡም።»

እንግዲህ ምኞቴን ልናገር።

ቨርጂኒያ ያለኸው ወዳጄ፣ በሁለተኛው ዙር ቅድመ ክፍያ ከፍለህ እስከዛሬ ቤት ቀርቶ መሠረት ያላየኸው፣ መልካም መስቀል። የኢንጂነሩን ሞት ስነግርህ «ነፍስ ይማር እንዳታስብለኝ» አልከኝ። አላስብልህም። የሪል ስቴት አዋጅ በ2017 ሲጸድቅም «አሁን ነው የነቃችሁት?» ብለህ ሳቅህ። ልክ ነህ። ወራሾቹ አንተንና መሰሎችህን በር ከፍተው እንዲያነጋግሩ እመኛለሁ። ልጆች፣ ይህን የምታነቡት ከሆነ፣ ይህቺ ምኞት ለእናንተ ናት። ያባታችሁን ሐዘን አልረሳሁም። እኔም አባት ቀብሬያለሁ።

ነርሷ ጎረቤቴ፣ በክረምቱ እናቴ ስትታመም ሌሊት በነጠላ ጫማ የመጣሽው፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ጸሐፊያችን፣ ለዝምታህ አመሰግናለሁ። ፕላኑን ያነበብሽልን ጎረቤቴ፣ በሜዳው ጉዳይ ባንስማማም ቡናው ተራው ያንቺ ነው። ሰሞኑን ሜዳው ጥግ ላይ የቀያሽ ችካል አይቻለሁ። ማን እንደተከለው እስካሁን የነገረን የለም። ከበዓሉ በኋላ እንነጋገርበታለን፤ የፕላኑን ግልባጭ ይዘሽ ነይ።

እማማ፣ እርስዎ ይህን አያነቡትም፤ የልጅ ልጅዎ ያነብልዎታል። በሚቀጥለው ሳምንት ለኢሬቻ ሲሄዱ እንደ አምናው እኔ ነኝ የማደርስዎ። አቋራጩን ለማስከፈት ደግሞ የፈረምነው ሰዎች ሠላሳ አልፈናል። አይሆንም እንዳይሉኝ፤ አንድ ፊርማ ስንት ነገር እንደሚወስድ አይቻለሁ።

የነገው እንዲህ ነው። ደመራው የሚለኮሰው አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ነው። ዝናብ ካለ ድንኳኑ ይወጣል። ልጆች ችቦ ይዘው ወደ መኪኖቹ እንዳይጠጉ። ወንበሮቹን የሚያወጡ ጎረምሶች በ10 ሰዓት መጋዘኑ ጋ ይጠብቁኝ። አንዱን ወንበር፣ እግሩ የማይነቃነቀውን መርጣችሁ፣ ከፊት ለእማማ ያዙላቸው። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳትፍቁት፤ እማማ እንደሆነ ማንበብ አይችሉም፣ የማን እንደሆነ ግን ያውቃሉ።