ገና እየፈላ ያለ ወይን

መስቀልን ፍራንክፈርት አክብሬ በሳምንቱ በባቡር ወደ ኖይሽታት ሄድኩ። 85 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የጀርመን የወይን መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የወይን ለቀማው በዓል ደምቆ ነበር። ሰዉ በእርጥብ እጅ እንኳ እንዳያዳልጥ ዙሪያውን ጎድጎድ ጎድጎድ ባለ የግማሽ ሊትር ብርጭቆ እየተቀባበለ ይጠጣል።

ልቤን የወሰደው ግን ፌደርቫይሰር ነው፤ መፍላቱን ያልጨረሰ፣ ደፍረስ ያለ አዲስ ወይን። ጋዙ እንዳያፈነዳው ጠርሙሱ ተጠብቆ አይከደንም። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ሽሽሽ ይላል። ጌሾ የገባበት የእናቴ የጠጅ ጋን ድምፅ! እንባዬ መጣ።

ሻጯ አዛውንት ትኩስ የሽንኩርት ኬክ ቆረሱልኝና፣ «ሲሄዱ ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ ካጋደለ ይፈሳል» አሉኝ። ፍራንክፈርት እስክደርስ ጠርሙሱን በሁለት እጄ አቅፌ ተቀመጥኩ።