ያ ልጅ ነቃ?

ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የፓሪስ ኦሊምፒክ ትናንት ማታ ተዘጋ። ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ሰባተኛውን መስመር ሞላሁ፦ ወርቅ 1፣ ብር 3፣ ነሐስ ባዶ። በነሐሴ ወር ነሐስ አጣን ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ደብተሩ ባለ ሃምሳ ሉክ ነው። ታላቅ ወንድሜ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ለሒሳብ ትምህርት የተገዛለትን ገልብጦ፣ ከኋላው በኩል በማስመሪያና በቀይ እስክርቢቶ ሦስት ዓምድ አሰመረበት። እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ስለነበር ሥራዬ ማስመሪያው እንዳይንሸራተት ጫፉን መጫን ነበር። የሲድኒ ኦሊምፒክ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ገዛኸኝ አበራ ማራቶኑን ያሸነፈው ደግሞ መስከረም 21፣ በግሸን ማርያም ዕለት ነው፤ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወንድሜ ደብተሩን ይዞ በር ላይ ጠበቃት። በዚያው ማራቶን ነሐስ ያገኘውን ተስፋዬ ቶላን ግን ከቤታችን ስሙን ያነሳ ሰው አልነበረም። አንዲት ጭረት ሆኖ ዓምዱ ውስጥ ገባ፣ አለቀ።

የወርቁ ዓምድ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ እንዲህ ነው፦ 4፣ 2፣ 4፣ 3፣ 1፣ 1፣ 1። ሲድኒ፣ አቴንስ፣ ቤጂንግ፣ ለንደን፣ ሪዮ፣ ቶኪዮ፣ ፓሪስ። ቤጂንግ ላይ ስርዝ ድልዝ አለ፤ የመሠረት ደፋር የ5 ሺህ ሜትር ነሐስ፣ ከፊቷ የገባችው ሯጭ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ሜዳልያዋን ስትነጠቅ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ብር ተዛውሯል። ሪዮን ወንድሜ በፈረንጆቹ አቆጣጠር «2016» ብሎ መዝግቦታል፤ እኔ ደግሞ ፓሪስን በእኛው 2016 ብዬ ጻፍኩት። ነገ ደብተሩ እጁ የሚገባ ሰው በአንድ ዓመት ሁለት ኦሊምፒክ ተካሄደ እንዳይል እሰጋለሁ።

ወንድሜ አሁን የሚኖረው ሐዋሳ ነው። ሰሞኑን ለሥራ ገጠር ወርዶ ስለነበር ውድድሩን አላየም። ትናንት ማታ ደወለ።

«ስንት ወርቅ?»

«አንድ።»

«ሌላስ?»

«ሦስት ብር።»

«እሱን ተወው።»

አልተቆጣሁትም። እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ እንዲሁ ነበርኩ፤ ብር ማለት ለእኔ የጠፋ ወርቅ ነበር። ሐምሌ 26 ማታ በሪሁ አረጋዊ በ10 ሺህ ሜትር ሁለተኛ ሲወጣ ትራሱን ወርውሬያለሁ። በሪሁ፣ ዮሚፍ ቀጄልቻና ሰለሞን ባረጋ ተራ በተራ እየመሩ ሩጫውን ከመጀመሪያው አንስቶ አክርረውት ነበርና፣ ያ ሁሉ ልፋት ለኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ ማመቻቸት ሆኖ ታየኝ። በማግስቱ ሰዓቱን አየሁት። ቼፕቴጌይ የቀደመው በሠላሳ መቶኛ ሰከንድ ነው። ከበሪሁ ኋላ የገባው አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር ደግሞ በሁለት መቶኛ ሰከንድ ብቻ ተበልጧል። ቀነኒሳ በቀለ ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በዚያች ማታ ያሻሻሉት ሯጮች 13 ናቸው። እና እኔ ትራስ እወረውራለሁ።

ጽጌ ድጉማ በ800 ሜትር ያመጣችው ብር ለኢትዮጵያ በዚያ ርቀት የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳልያ ነው። ይህን ለወንድሜ ልነግረው ስል የስልኩ መስመር ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩለትም።

ቅዳሜ ዕለት የወንዶች ማራቶን ነበር። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከቴሌቪዥኑ አልተነሳሁም። መንገዱ ከፓሪስ ወደ ቬርሳይ ወጥቶ የሚመለስ፣ ዳገቱ ለማየት እንኳ የሚያደክም ነው። ታምራት ቶላ መጀመሪያ የተመዘገበው ተጠባባቂ ሆኖ ነበር። አንድ አገር በማራቶን ከሦስት ሰው በላይ ማሰለፍ ስለማይችል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በ2023 ደግሞ ኒው ዮርክን ያሸነፈ ሰው በእኛ ቡድን ውስጥ አራተኛ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀር ሲሳይ ለማ ጉዳት ላይ በመሆኑ ቦታውን ለቀቀለት።

ከድሉ ይበልጥ የማስበው ከዚያ በፊት የነበሩትን ሳምንታት ነው። የሚሮጥ ሰው ቀኑን ያውቃል፤ ሰውነቱን ለዚያ ቀን ያዘጋጃል። ተጠባባቂ ግን የሚዘጋጀው ለማይሮጥበት ይሆናል ብሎ ለሚጠረጥረው ቀን ነው። ዳገቱን ያስባል፣ ኪሎ ሜትሩን ይቆጥራል፣ ስልኩ ባይጠራ ደግሞ እንደማንኛችንም ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። በዚያ ላይ ጥሪው የሚመጣው የቡድን ጓደኛው ሲጎዳ ነውና ይምጣ ብሎ መመኘትም ያሳፍራል። እኔ ብሆን ልምምዴን በግማሽ ልብ እሠራ ነበር። እሱ ዳገቱ ላይ ተነጥሎ ወጣና 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ከገዛኸኝ በኋላ በወንዶች ማራቶን ወርቅ ስናገኝ 24 ዓመት ሆነን። ደብተሩ ላይ ግን ይኸው «1» ነው፤ የተጠባባቂ ወርቅ የሚጻፍበት ሌላ ቁጥር የለም።

በዚያው ውድድር ቀነኒሳ በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ። ይህም የሚገባበት ዓምድ የለውም።

እሑድ ሴቶቹ ሮጡ። ትዕግስት አሰፋ ሪዮ ላይ የ800 ሜትር ሯጭ እንደነበረች ስንቶቻችን እናስታውሳለን? አሁን መጨረሻው ላይ ከሲፋን ሐሰን ጋር ብቻዋን ቀረች። ሲፋን ከአንድ ቀን ተኩል በፊት የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ሮጣ ነሐስ ወስዳለች፤ ከዚያም በፊት በ5 ሺህ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ይቺ የብርቱካኗ ልብስ የማን ናት?» አለችኝ።

«የኔዘርላንድስ።»

«መልኳ የእኛ ነው።»

«አዳማ ነው የተወለደችው።»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?»

መታጠፊያው ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ አዎ፣ እየጮህኩ ነበር። ሲፋን በሦስት ሰከንድ ቀደመች። የቡድናችን አቤቱታም ተቀባይነት አላገኘም። ምስሉን ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ በደል ነበር የታየኝ፤ በስድስተኛው ያየሁት 42 ኪሎ ሜትር ሮጠው አንዲት ጠባብ መስመር የሚሻሙ ሁለት የደከሙ ሴቶችን ነው። ሐሳቤን የቀየርኩት እናቴ ስለተናገረችኝ እንዳልሆነ ግን በደንብ መመዝገብ እፈልጋለሁ።

የቀረው ረቡዕ ነው። ነሐሴ 1፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት። እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ፣ ከሰዓት በኋላ እህል ቀምሳ፣ ሶፋው ላይ ነጠላዋን እንደተከናነበች አንቀላፍታለች። ውጭ ዝናብ ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሊሞላ ሲል የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ፍጻሜ ጀመረ። ለሜቻ ግርማ የርቀቱ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነው፤ ያንንም የሰበረው እዚያችው ፓሪስ ነው፣ ዓምና። ከዚያ በፊት ዶሃ ላይ ወርቅን በአንድ መቶኛ ሰከንድ ያጣ ልጅ ነው። ዶሃ ብር፣ ቶኪዮ ብር፣ ኦሪገን ብር፣ ቡዳፔስት ብር። ዛሬ ተራው ነው ብዬ ነበር።

በመጨረሻው ዙር እግሩ መሰናክሉን ነካ። እጁን እንኳ ለመዘርጋት ጊዜ አላገኘም፣ ጭንቅላቱ ከመሬት ጋር ተላተመ። ከዚያ አልተንቀሳቀሰም። ሩጫው ገና አላበቃምና ካሜራው ሌሎቹን ተከትሎ ሄደ፤ እኔ ግን ከመሬት የቀረውን ፍለጋ ከማያ ገጹ ጥግ ዓይኔን አልነቀልኩም። ጩኸቴ እናቴን ቀሰቀሳት። በቃሬዛ ሲያነሱት እሷም አየች። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቀችኝም፤ ቴሌቪዥኑን እንዳጠፋው ብቻ ነገረችኝ።

ሐሙስ ከንጋቱ ክፍሌን አንኳኳች። «ያ ልጅ ነቃ?» ራሱን ማወቁን በዜና አንብቤ ስለነበር ነገርኳት። አርብ ደግማ ጠየቀች። ቅዳሜ ታምራት ወርቁን አጥልቆ መዝሙሩ ሲዘመር አጠገቤ ተቀምጣ እልል ብላ ስታበቃ፣ ዞር ብላ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ነግሬሻለሁ እኮ እማዬ አልኳት። «እናቱስ ሰማች?» አለች።

እና ዛሬ መስመሩን ሞልቼ ደብተሩን ልከድን ስል ተመለስኩበት። ከነሐሱ ዓምድ በስተቀኝ፣ ከቀዩ መስመር ውጭ፣ በእርሳስ «ለሜቻ፤ ነቅቷል» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ ለመስቀል ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ከመስመር የወጣ ጽሑፍ አይወድም። ላጲሱን ከወዲሁ ሰወር ማድረግ ሳይኖርብኝ አይቀርም።