እማዬ ስልክ ሳታነሳ ስትቀር

የአባቴ መርዶ የተነገረኝ ካረፈ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ለንደን፣ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ በሩ ተንኳኳ። አምስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ማንም ሳይናገር ገባኝ። እነዚያን ሦስት ወራት ደሴ በደወልኩ ቁጥር "አባባ ተኝቷል"፣ "አባባ ወጣ ብሏል" ይሉኝ ነበር። በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሰማ ብለው ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ግን እማዬ ስልክ ካላነሳች ሞታለች ማለት ነው። ልቤ ይመታል፣ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ሃያ ጊዜ እደውላለሁ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። አንድ ሌሊት የአንዲት አሮጊት መድኃኒት ላመጣ ሄጄ፣ መደርደሪያው ጋ ስደርስ ለምን እንደመጣሁ ጠፋብኝ። ያኔ ፈራሁ።

ሰው ሁሉ "አብሽሪ" ይለኛል። ወሎዬ ነኝ፣ ቃሉን እወደዋለሁ። ግን በምን ልጽናና?

እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ላለ ጭንቀት ከባለሙያ ጋር በመነጋገር ለሚሰጥ ሕክምና የግድ ሐኪም እስኪልካችሁ መጠበቅ የለባችሁም፤ ራሳችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ። በመንግሥት ጤና አገልግሎት በኩል ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። እኔ አስተርጓሚው የማውቀው ሰው ቢሆንስ ብዬ ሁለት ዓመት ዘገየሁ። አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ!

እኔ ያገኘሁት ሕክምና ሲቢቲ ይባላል፤ ሙሉ ስሙ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነው፤ ሐሳብንና ድርጊትን እየፈተሹ ስሜትን ማከም ማለት ነው። አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊላዴልፊያ ላይ ያዳበረው ነው። ቤክ ያስተዋለው፣ በሆነው ነገርና በስሜታችን መካከል ብልጭ ብላ የምታልፍ ሐሳብ መኖሯን ነው። ስልክ አልተነሳም፤ "ሞታለች"፤ ከዚያ ድንጋጤ። እኔ መካከለኛዋን አይቻት አላውቅም ነበር።

ቴራፒስቷ፣ ማለት ሕክምናውን የምትሰጠኝ ባለሙያ፣ ወረቀት ላይ አስጻፈችኝ። ምን ሆነ? ምን አሰብሽ? ፍርሃትሽ ከመቶ ስንት ነው? ከዚያ በግራ ለሐሳቡ ማስረጃ፣ በቀኝ ደግሞ የሚቃወመው። በግራ "የአባቴን ሞት ሦስት ወር ደብቀውኛል" ብዬ ጻፍኩ። ከንቱ ጭንቀት ነው ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "ይሄማ እውነተኛ ማስረጃ ነው" አለችኝ። አለቀስኩ። ለካ ሐሳቤ ከመሬት የበቀለ አልነበረም።

ቀኙ ለረጅም ጊዜ ባዶ ነበር። የሚሞላው በሙከራ ነው አለችኝ። አንዴ ብቻ ደውዪ፤ የምትፈሪውን ጻፊ፤ ሁለት ሰዓት ጠብቂ። ደጋግሞ መደወል ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ ፍርሃቱን ይቀልበዋል። የመጀመሪያው ቀን ጭንቅ ነበር። ሰዓት እያየሁ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ የተከተፈውን ደግሜ ከተፍኩ። ፍርሃቴ 90 ነበር፤ እማዬ ሳትደውል፣ ማንም ሳያጽናናኝ፣ በራሱ ጊዜ ወደ 50 ወረደ። በኋላ ደወለች። ቀኑ 21 ነበር፣ ማርያም፤ ማኅበር ላይ ሆና ነው። ሌላ ቀን መብራት ጠፍቶ ስልኳ ሞቶባት ነበር። ሌላ ቀን ጎረቤት ቡና ላይ። ሁሉንም በቀኝ ጻፍኩ።

ሕክምናው ጸሎቴን አላስተወኝም። እንዲያውም ድሮ ስጸልይ ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነበር።

በየሳምንቱ የምሞላው የጭንቀት ቅፅ ሰባት ጥያቄ አለው፤ ከፍተኛው ነጥብ 21 ነው። በ17 ጀምሬ ከ12 ቀጠሮ በኋላ 6 ደረስኩ። ቀሪው ፍርሃት ግን በወረቀት ብቻ የሚለቅ አልነበረም፤ የግራው ማስረጃ እውነት ነዋ። ቴራፒስቷ "ይህንን ማን ሊለውጠው ይችላል?" ስትለኝ ለእህቴ ደወልኩ። "እታለም፣ ምንም ይምጣ፣ በዚያው ቀን ንገሪኝ። እችለዋለሁ" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ እያለቀሰች በአባባ አፅም ማለችልኝ።

አሁንም እማዬ የማታነሳበት ቀን አለ። ወረቀቱን አወጣለሁ። በቀኝ በኩል መጀመሪያ የምጽፈው "እህቴ ምላልኛለች" የሚለውን ነው።