ድርጅቱ ሲፈርስ የቢዝነስ ክሬዲት ካርዱ ምን ይሁን?

አሜሪካ ውስጥ ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ከፍቶ ሲሠራ የቆየ ሰው ድርጅቱን ለመዝጋት ሲነሳ ስለ ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ብዘጋው ክሬዲት ስኮሬ ይወርዳል ወይ?» ብሎ ነው። መጠየቁ ባልከፋ፤ መቅደም ያለበት ግን ዕዳው የማን ነው የሚለው ነው። ካርዱን ስታወጡ በተስማማችሁበት ውል ውስጥ የግል ዋስትና የሚል አንቀጽ አለ። በትናንሽ ድርጅቶች ካርድ ላይ ይህ አንቀጽ የሌለበት ውል ማግኘት ብርቅ ነው። ድርጅቱ ካልከፈለ እናንተ ትከፍላላችሁ። ኤል ኤል ሲው ከስቴቱ መዝገብ ቢሰረዝም ፊርማችሁ ባለበት ይቆያል።

ወደ ስኮሩ ስንመጣ፣ ብዙዎቹ ባንኮች የቢዝነስ ካርድን የሚያስመዘግቡት በድርጅት የክሬዲት መዝገቦች ላይ ነው፤ ደን ኤንድ ብራድስትሪት፣ እንዲሁም የኤክስፔሪያንና የኢኩፋክስ የቢዝነስ ክፍሎች ማለት ነው። በግል መዝገባችሁ ላይ የሚያሳዩት ክፍያ ሲዘገይ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ግን ሁሉንም በግል መዝገብ ላይ ያስገባሉ። ስለዚህ መገመት አያስፈልግም፤ የግል ሪፖርታችሁን አውጥታችሁ ካርዱ አለ ወይስ የለም የሚለውን ተመልከቱ። ከሌለ፣ መዝጋቱ የግል ስኮራችሁን አይነካም። ሰው የሚጨነቅበት ነገር እዚህ ላይ አለቀ።

ካለ ደግሞ ሒሳቡን ሥሩት። ሁለት የግል ካርዶች አሏችሁ እንበል፤ የሁለቱ የብድር ገደብ በድምሩ 10,000 ዶላር፣ ዕዳቸው 3,000። የቢዝነስ ካርዱ ደግሞ ገደቡ 10,000 ሆኖ ምንም ዕዳ የለበትም። አሁን የተጠቀማችሁት ከጠቅላላው ገደብ 15 በመቶውን ነው፤ ካርዱን ስትዘጉ 30 በመቶ ይሆናል። በፊኮ (በብዙ አበዳሪዎች ዘንድ በሚሠራበት የክሬዲት ስኮር) ስሌት ያለባችሁ ዕዳ መጠን 30 በመቶ ክብደት ስላለው ስኮሩ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። መፍትሔው ካርዱን በግድ ማቆየት ሳይሆን የግል ዕዳውን ቀድሞ መቀነስ ነው፤ ዕዳው ሲወርድ ስኮሩም ያገግማል። የካርዱ ዕድሜ ወዲያው ይጠፋል የሚለው ስጋትም ብዙ አያስኬድም፤ በሰላም የተዘጋ ካርድ በግል ሪፖርት ላይ እስከ 10 ዓመት ይቆያል፣ ፊኮም እስከዚያ ድረስ ዕድሜውን ይቆጥራል።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ሥራው ሙሉ በሙሉ ካበቃ ዝጉት። ድርጅቱ ፈርሶ እናንተ በራሳችሁ ስም ትንሽም ብትሆን ሥራ የምትቀጥሉ ከሆነ ለባንኩ ንገሩትና ዓመታዊ ክፍያ ወደሌለው ካርድ እንዲቀይርላችሁ ጠይቁ፤ ካልሆነ በራሳችሁ ስም አዲስ አመልክቱ። «ምንም አይበላም፣ ይቀመጥ» ብሎ መተው ግን አይመቸኝም። ውሉ ካርዱ ለንግድ ሥራ ብቻ እንዲውል ያስገድዳል፤ ለቤት አስቤዛ ስትጠቀሙበት ውሉን ጥሳችኋል። በዚያ ላይ የ2009ኙ የካርድ ሕግ ለግል ካርድ የሚሰጠው ጥበቃ ለቢዝነስ ካርድ አይሠራም። ወለድ ከመጨመሩ 45 ቀን በፊት ማስታወቂያ የመስጠት ግዴታም ሆነ በነባር ዕዳ ላይ ወለድ እንዳይጨመር የሚከለክለው ደንብ እናንተን በሕግ አይጠብቃችሁም፤ ባንኩ በራሱ ፈቃድ ካላደረገው በቀር።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በመዝጋቱ ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው። በጣም የተለመደው ስህተት የድርጅቱን የባንክ አካውንት ቀድሞ መዝጋት ነው። የካርዱ አውቶ ፔይ (በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ) ከዚያው አካውንት የሚቆረጥ ከሆነ ክፍያው ተመልሶ ይመጣል፣ ቅጣት ይጨመራል፣ መዘግየቱ 30 ቀን ካለፈ ደግሞ እስከዚያ በግል ሪፖርታችሁ ላይ ያልነበረው ካርድ በመጥፎ ታሪክ ብቅ ሊል ይችላል። የባንክ አካውንቱ መጨረሻ ላይ ይዘጋ።

መጀመሪያ የሠራተኞችን ካርዶች አሰርዙ። ቀጥሎ ያለፉትን 12 ወራት ስቴትመንት ከላይ እስከ ታች አንብቡ፤ የወር ክፍያዎቹ ቶሎ ይታያሉ፣ በዓመት አንዴ የሚቆረጡት እንደ ዶሜይን፣ ሶፍትዌርና ኢንሹራንስ ያሉት ናቸው የሚያመልጡት። እያንዳንዱን አገልግሎቱን ከሚሰጠው ድርጅት ጋር በቀጥታ አቋርጡ። ካርዱ ሲዘጋ ክፍያው በራሱ ይቆማል ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ተደጋጋሚ ክፍያዎች ከተዘጋ በኋላም ያልፋሉ።

በካርዱ ያጠራቀማችኋቸውን የሽልማት ነጥቦች ካርዱን ከመዝጋታችሁ በፊት ተጠቀሙባቸው፣ ወይም ባንኩ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ሌላ ካርዳችሁ አዛውሩ። ስቴትመንቶቹንም አውርዱ፤ ካርዱ ከተዘጋ በኋላ ኦንላይን መግቢያው ሊቋረጥ ይችላል። አይ አር ኤስ (የአሜሪካ የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት) ለወጪ ማስረጃ በአብዛኛው 3 ዓመት፣ ለሠራተኛ ደመወዝ ታክስ 4 ዓመት ሰነድ እንድትይዙ ይጠብቃል።

ዕዳ ተሸክሞ የቆየ ካርድ ላይ ደግሞ ስቴትመንቱ ላይ ያለውን ቁጥር ከፍሎ መገላገል የለም። 6,000 ዶላር በ24 በመቶ ወለድ ካለባችሁ በቀን ወደ 3.95 ዶላር ይጨመራል። ስቴትመንቱ ከወጣ በ20ኛው ቀን ብትከፍሉ 79 ዶላር ገደማ ወለድ በሚቀጥለው ስቴትመንት ይመጣል። ተከፍሎ አልቋል ብሎ ያላየው ሰው በዚህች ገንዘብ ምክንያት ዘግይቷል ተብሎ ይመዘገባል። ስትዘጉ ደውላችሁ የዚያን ቀን ሙሉ የመዝጊያ ሒሳብ ጠይቁ። ዓመታዊ ክፍያው በቅርቡ ከተቆረጠ እንዲመለስላችሁም ጠይቁ፤ ብዙ ባንኮች 30 ቀን ካላለፈው ይመልሳሉ።

መክፈል ካልቻላችሁ ነገሩ ይለያል። ክፍያው ከማለፉ በፊት ለባንኩ ደውሉ፤ ወለድ የሚቀንስ የችግር ጊዜ ፕሮግራም ሊኖረው ይችላል። ዕዳውን ተቻኩላችሁ ወደ ግል ካርድ አታዛውሩ፤ የማዛወሪያው ክፍያ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው፣ በግል ሪፖርታችሁ ላይ የማይታየውን ዕዳም በገዛ እጃችሁ ታስገቡታላችሁ። ባንኩ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ቢሰርዝላችሁ 1099-ሲ (የተሰረዘ ዕዳን የሚያሳውቅ የታክስ ቅጽ) ሊልክ ይችላል፤ የተሰረዘው ገንዘብ እንደ ገቢ ታክስ ሊጠየቅበት ስለሚችል፣ ዕዳችሁ ከንብረታችሁ የሚበልጥ ከሆነ በፎርም 982 (ለአይ አር ኤስ በሚቀርብ ቅጽ) ከገቢያችሁ ስለማስቀነሱ የታክስ ባለሙያ አማክሩ።

ሌሎች አበዳሪዎች ሳይከፈላቸው በድርጅቱ ገንዘብ የዋስትና ፊርማችሁ ያለበትን ካርድ ብቻ መክፈልም ጣጣ አለው። ድርጅቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ለኪሳራ ፍርድ ቤት ካመለከተ ያ ክፍያ ለእናንተ ጥቅም እንደተፈጸመ ተቆጥሮ የኪሳራው አስተዳዳሪ ገንዘቡን ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል። ኪሳራ ማመልከት ሐሳባችሁ ውስጥ ካለ፣ አንድ ሳንቲም ከመክፈላችሁ በፊት ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።

ከተዘጋ በኋላ ባንኩ ካርዱ በዜሮ ሒሳብ በደንበኛው ጥያቄ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በአኑዋልክሬዲትሪፖርት ዶት ኮም ላይ የሦስቱንም የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች ሪፖርት አውጡ፤ በየሳምንቱ በነፃ ይገኛል። ያልከፈላችሁት ዕዳ እንዳለ የሚያሳይ ካለ ደብዳቤውን አያይዛችሁ ተከራከሩ።