ከጎንደር ለቶኒ ኤሉሜሉ ፋውንዴሽን ስታመለክቱ

ጎንደር ለጥምቀት ሽር ጉድ ስትል የፋውንዴሽኑ ማመልከቻ ክፍት ነው፤ ባለፉት ዓመታት ከታኅሣሥ 23 እስከ የካቲት 22 ይቀበሉ ነበር። ናይጄሪያዊው የባንክ ባለሀብት ቶኒ ኤሉሜሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ያቋቋመው ይህ ድርጅት፣ ከ54ቱ የአፍሪካ አገሮች ለሚመረጡ ጀማሪዎች የማይመለስ 5,000 ዶላር መነሻ ካፒታል ይሰጣል። ከገንዘቡ በፊት በኢንተርኔት የሚወሰድ ሥልጠና አለ። ዕድሜያችሁ 18 ከሞላ፣ ሥራችሁም ሐሳብ ወይም ከ5 ዓመት ያልበለጠ ከሆነ ማመልከት ትችላላችሁ። ክፍያ የለውም፤ «እኔ አስገባልሃለሁ» ብሎ ብር ለሚጠይቅ አንዲት ሳንቲም እንዳትሰጡ።

ብዙዎችን የሚጥላቸው ማመልከቻውን እንደ እርዳታ ጥያቄ መጻፋቸው ነው። ሥራ አጥነትንና ችግርን መዘርዘር አያስመርጥም። የፋውንዴሽኑ እምነት አፍሪካዊ በራሱ ንግድ ከጠባቂነት ይወጣል የሚል ነው፤ እኛም ከልብ እንስማማበታለን። ስለዚህ ማን ከእናንተ እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚገዛ፣ ምን እንደሚተርፋችሁ ጻፉ።

አዘዞ ላይ 100 የእንቁላል ቄብ ለማርባት አሰባችሁ እንበል። በ45 ቀን ዕድሜው የተገዛ ቄብ እንቁላል እስኪጥል ሦስት ወር ገደማ ይቀረዋል። በዚህ ጊዜ 100ዎቹ በአንድ ላይ በቀን ከ6 እስከ 7 ኪሎ መኖ ይበላሉ፤ በድምሩ ወደ 6 ኩንታል ይጠጋል፣ ገቢ ግን የለም። መጣል ሲጀምሩ ደግሞ በቀን 11 ወይም 12 ኪሎ ይፈልጋሉ። በጀቱን በዶሮ ቤት ግንባታና በቄብ ግዢ የጨረሰ ሰው መኖ ይቀንሳል፤ መኖ ሲቀነስ ዶሮዎቹ መጣል ይዘገያሉ፣ ኪሳራው ከዚያ ይጀምራል። ከ100 ዶሮም በቀን 100 እንቁላል አትጠብቁ፤ 75 ብላችሁ አስሉ፣ የሚሞተውንም ቀንሱ።

ጾሙን ደግሞ የገቢ ሠንጠረዡ ላይ አስገቡት። የጎንደር ገበያ በዐቢይ ጾም 55 ቀን እንቁላል ብዙም አይፈልግም፤ ዶሮዋ ግን መጣሏን አታቆምም። ለነዚያ ሳምንታት ከሆቴሎችና ከኬክ ቤቶች ጋር አስቀድማችሁ ተዋዋሉ፣ ውሉንም ጥቀሱ። ለፋሲካ ገበያ ለመድረስ ቄቡ ኅዳር ላይ መግባት አለበት።

የዶላር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን በጀቱን ያሰላችሁበትን ቀንና የምንዛሪ ዋጋ ጻፉ፤ 10 በመቶ መጠባበቂያም ያዙ።

ቅጹ በአማርኛ አይሞላም። መጀመሪያ በአማርኛ ደብተር ላይ ጨርሱት፣ ከዚያ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። መብራት ሊሄድ ስለሚችል መልሶቹን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ስማችሁ በመታወቂያ፣ በንግድ ፈቃድና በባንክ ደብተር ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት መጻፉን አሁኑኑ አረጋግጡ፤ ልዩነት ካለ ለማስተካከል ጊዜ ይወስዳል።