ፒያኖ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር

የፒያኖ ቃኚነት ሥራዬን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ያዛወርኩት፣ በጎጃም ከተሞች ያሉት ጥቂት ፒያኖዎች ባለሙያ ከመዲናዋ እስኪመጣላቸው ድረስ ለዓመታት ሳይቃኙ እንደሚቆዩ በማየቴ ነው። በመስከረም መጀመሪያ አሮጌውን ቋሚ ፒያኖዬን አይሱዙ ላይ አስጭኜ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ።

እስከ ጎሐ ጽዮን ያለ ችግር ደረስን። የዓባይ በረሃ ግን አስጨነቀኝ። የፒያኖ ክሮች ከ220 በላይ ናቸው፤ በአንድነት የሚስቡበት ኃይልም ከ15 ቶን ይበልጣል። ይህን ሁሉ ውጥረት የተሸከመ መሣሪያ ከደጋው ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ወደ ቆላ ሙቀት መግባቱ፣ ወዲያውም ወደ ደጀን ብርድ መውጣቱ ለእንጨቱ አይበጀውም።

ደብረ ማርቆስ ያደርኩበት አልጋ ክፉ ነበር፤ ከሥሩ ያለው መጠጥ ቤት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲጮኽ ቆይቶ እንደተዘጋ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ። እየሮጥኩ ወደ ግቢው ስወጣ ዘበኛው አዛውንት ቀድመውኝ መኪናው ላይ ወጥተዋል። «ልጄ፣ እንጨት ከረጠበ ምን ይረባሃል?» እያሉ ጤፍ የሚያለብሱበትን ሸራ በፒያኖው ላይ ደረቡልኝ። ጠዋት ገንዘብ ብሰጣቸው አልቀበልም አሉ። በኖርኩበት ሰፈር ዘበኛ የእንግዳን ዕቃ እንዲህ ሲጠብቅ አላየሁም።

ፍኖተ ሰላምን፣ እንጅባራንና ዳንግላን አልፈን ማታ ባሕር ዳር ገባን። ጫኝና አውራጆች ፒያኖውን ለማውረድ 6,000 ብር ጠየቁኝ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ 3,500 ከፈልኩ። አሁንም ያናድደኛል።

ይሁን እንጂ ከመንገዱ ይልቅ የከበደኝ ገበያው ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ አንዱ የሙዚቃ መምህር ለሌላው ስልኬን ይሰጥ ነበር፤ እዚህ ግን ደንበኛ የማገኘው በየሆቴሉ በር እየዞርኩ ነው፤ ብዙዎቹም ያላቸው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ስለሆነ መቃኘት አያስፈልገውም። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ፒያኖ ድምፁ ከልኩ በግማሽ የድምፅ እርከን ያህል ወርዶ፣ ቁልፎቹም በክረምቱ እርጥበት አብጠው ሲጫኑ የማይመለሱ ሆነው አገኘሁት። እንዲህ የወረደን ድምፅ በአንድ ጊዜ ወደ ልኩ መሳብ ክር ሊበጥስ ስለሚችል፣ መጀመሪያ በግርድፉ ከፍ አድርጌ በሌላ ቀን በጥንቃቄ መቃኘት ነበረብኝ። ባለቤቱ ግን «ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ልከፍል ነው?» ብለው ተቆጡ። የክሮቹን ድምፅ የሚያጎላው ሰሌዳ እንጨት በክረምት እርጥበት ስቦ እንደሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ እንደሚኮማተር፣ ክሮቹም አብረውት እንደሚላወሱ፣ ፒያኖውን ከፍቼ በእጃቸው እያስነካሁ አስረዳኋቸው።

ከረጅም ውይይት በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ እንድቃኝላቸው ተስማሙ፤ አየሩ ሲደርቅ በኅዳር እመለሳለሁ። እስከዚያ ድረስ ፒያኖ አለባቸው የተባሉ ሁለት ቤቶችን ለማየት ወደ ቡሬ እሄዳለሁ።