ልጄን በጃፓን ሳስመዘግብ አክስቴ አደረግኋት

ከእኔ በፊት ጃፓን ገብተው ልጅ የወለዱ የአገሬ ሰዎች ስለ ስም ጉዳይ አንድ ቃል ሳይነግሩኝ በመቅረታቸው እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። ስለ ቆሻሻ አለያየት ያልመከረኝ ሰው አልነበረም፤ የሚቃጠለው በየትኛው ቀን፣ ፕላስቲኩና ጠርሙሱ በየትኛው ቀን እንደሚወጣ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ አስጠንተውኛል። ቆሻሻ በተሳሳተ ቀን ቢወጣ ግን ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ደጅ ይቀራል። በስህተት የተመዘገበ ስም እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

የምንኖረው ከቶኪዮ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል በሚርቅ ከተማ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ኢትዮጵያ የተወለደው ወንድ ልጃችን ስንመጣ በፓስፖርታችን ላይ “የቤተሰብ ስም” በሚለው ቦታ የሰፈረው የአያታችን ስም ነበር፤ የራሳችንና የአባታችን ስም ደግሞ በሌላው መስመር ተጽፏል። አገር ቤት ሳለን ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ጃፓን ግን የቤተሰብ ስም የሚጠራው ቀድሞ ነውና የመኖሪያ ካርዴ በአያቴ ስም ይጀምራል። በመጀመሪያው ክረምት ክሊኒክ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ነርሷ ወጥታ የአያቴን ስም “ሳን” የሚለውን የአክብሮት ቃል አስከትላ ጠራች፤ እኔም እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከቀዬው ርቆ የማያውቀው አያቴ ቶኪዮ አጠገብ ተራ እንደደረሰው የገባኝ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ነው።

በዚህ ሒሳብ እኔ በአያቴ፣ ባለቤቴ በአያቷ፣ ልጃችን ደግሞ በእኔ አባት ስም ስለምንጠራ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት የቤተሰብ ስም ይዘን መኖር ጀመርን። በራችን ላይ ሦስቱንም ስለለጠፍን ዕቃ አመላላሹ ሦስት ተከራዮች በደባልነት የሚኖሩ መስሎት ኖሮ “የትኛው ክፍል ነው?” እያለ ይጠይቀን ነበር። አልፈርድበትም። የጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 750 የተጋቡ ጃፓናውያን አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ያስገድዳል፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2015 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ይህን ደንብ አጽንቶታል። በዚህ ሥርዓት ላደገ ሰው ሦስት ስም ያለው ቤት ቤተሰብ አይመስለውም።

ሴት ልጃችን የተወለደችው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው፤ ለጃፓን ወረቀት በንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ሲቆጠር ሬይዋ 6፣ ለፓስፖርት ደግሞ 2024። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዞ ላደገ ሰው ሦስተኛ መጨመር ከባድ አልሆነም። እስከ ወሊዱ ያለው ጉዞም በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነው፦ እርግዝናው ሲታወቅ ለከተማው ጽሕፈት ቤት ይነገራል፣ የእናትና የልጅ ደብተር ይሰጣል፣ ክትትሉ በቀጠሮ ይካሄዳል፣ የጤና መድኅኑም ለወሊድ 500,000 የን ይከፍላል። በዚህ ሁሉ ያጋጠመን ችግር የለም።

ችግሩ የመጣው “ሹሴይ ቶዶኬ” በሚባለው የልደት ማስታወቂያ ላይ ነው። ቅጹ፣ የተወለደችበት ቀን ራሱ ተቆጥሮ፣ በ14 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ለሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን በሚጠበቅበት አገር ያደግሁ ሰው ነኝና አሥራ አራት ቀን ሲባል እሳት የተነሣ መሰለኝ። የተሰጠን መመሪያ “በተቻለ ፍጥነት ይምጡ፤ ቅጹን ለመሙላት ሠራተኞቻችን ያግዙዎታል” ይላል። ይህን አምኜ በአምስተኛው ቀን፣ ባለቤቴን አራስ ቤት ትቼ፣ ብቻዬን ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ የተቀበለኝ ወጣት ሠራተኛ ትሑት ነበር፤ ትሕትናው ነው ጉድ የሠራኝ። የልጅቷ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባቴን ስም መጻፌን ሲያይ የእኔን ካርድ አነሣ፣ የባለቤቴን አነሣ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና ይቅርታ እየጠየቀ ወደ ውስጥ ገባ። ይዟት የመጣችው ኃላፊም ይቅርታ ጠይቃ “የልጁ የቤተሰብ ስም ከአባት ወይም ከእናት ጋር መመሳሰል አለበት” አለችኝ። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ልጅ በአባቱ ስም እንደሚጠራ በተሰባበረ ጃፓንኛ ለማስረዳት ሞከርኩ። “ታዲያ ይህ ስም የአባትየው አይደለም፤ የአባትየው ይኸው” ብላ የአያቴን ስም አሳየችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፤ ሁለቱም ጎንበስ ቀና ይሉልኛል፤ እኔም ሰው ማስቸገር እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር አስቸጋሪ ላለመባል ብዬ የአባቴን ስም ሰርዤ የአያቴን ጻፍኩና ፈረምኩ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ የወንድ ልጄ የመኖሪያ ካርድ በዚያች ቅጽበት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባቴን ስም የያዘ፣ የጃፓን መንግሥት ራሱ ያተመው ካርድ! እሱን አውጥቼ ባሳያቸው ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እነርሱ የመዝገብ ሥራቸውን አለማወቃቸው ቢያናድደኝም እኔ ቦርሳዬን አለማወቄ ይብሳል።

ነገሩን ያወቀችው ባለቤቴ ናት። የነዋሪነት ማስረጃውን ተቀብላ ጥቂት ካየችው በኋላ “ይህች የማን ልጅ ናት?” አለችኝ። እውነቷን ነው። ልጄ በአያቴ ስም ስትጠራ፣ በእኛ አቆጣጠር የአያቴ ልጅ፣ የአባቴ እህት፣ የእኔ ደግሞ አክስት ሆናለች፤ ለአምስት ዓመቱ ወንድሟማ የአያቱ እህት ናት። እናቴ ይህን በስልክ ከሰማች ወዲህ በደወለች ቁጥር “አክስትህ ጡት ጠባች?” እያለች ትጠይቀኝ ጀመር።

ሳቁ ግን ፓስፖርት እስኪያስፈልጋት ድረስ ብቻ ነበር። የተወለደ ልጅ በ30 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን የመኖሪያ ፈቃድ ስለሚጠየቅለት፣ ቀኑ እንዳያልፍብን በዚያው በተሳሳተው ስም አመለከትን፤ ካርዱም በዚያው ስም መጣ። ኤምባሲያችን ደግሞ ስሟ የራሷ፣ የአባቷና የአያቷ መሆን እንዳለበት ነገረን፤ ልክ ነበር። በአንዲት የወራት ዕድሜ ባላት ሕፃን እጅ ሁለት ስም ገባ።

ተመልሼ ወደዚያው መስኮት ስሄድ “ትሱይካን ቶዶኬ” የሚባል ማሟያ ማስታወቂያ እንደሚያስፈልግ ተነገረኝ። “ስሙ ለምን ተቀየረ?” ይላሉ፤ “አልተቀየረም፣ የተሳሳተው ነው የሚታረመው” እላለሁ፤ “ስህተቱን የሠራው ማን ነው?” ይላሉ፤ እኔ ፈርሜያለሁና ዝም እላለሁ። በሦስተኛው ምልልስ ትዕግሥቴ አለቀና ወረቀት ተቀብዬ የዘር ሐረጋችንን ሣልኩላቸው፦ ከላይ አያቴ፣ ቀጥሎ አባቴ፣ ከዚያ እኔ፣ ከእኔ ሥር ልጆቼ፤ በእያንዳንዱ ሰው አጠገብ የመጠሪያ ስሙን፣ ከመጠሪያው ወደ ታች ደግሞ ስሙ ወደ ልጅና ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድበትን ቀስት። በመጨረሻ የወንድ ልጄን ካርድ ከሥዕሉ አጠገብ አኖርኩ። ያ ወጣት ሠራተኛ ሥዕሉን በጣቱ ተከትሎ ከላይ እስከ ታች ወረደና “አሃ!” ብሎ ጮኸ። ለአራት ወር ያህል ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ ጣፋጩ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ የመኖሪያ ካርዷ፣ የመድኅን ካርዷና የሕክምና ድጎማ ወረቀቷ በየተራ ታረሙ፤ ለእያንዳንዱ አንድ የፈቃድ ቀን ከሥራዬ ተቆረጠ።

ስለዚህ መመሪያው የሚለውን ተውና አትቸኩሉ፤ አሥራ አራቱን ቀን ሳታሳልፉ ተጠቀሙባቸው። መጀመሪያ ለኤምባሲ ደውሉና ስሙን በላቲን ፊደል እያንዳንዱን ሆሄ አስወስኑ፤ ከዚያ ሥዕሉን ሣሉ። አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ የሚለው ምክር ብቻውን አያድንም፤ የጠፋው ቃል ሳይሆን ልማዱ ነውና አስተርጓሚውም “የቤተሰብ ስም” የሚለውን በትክክል ተርጉሞ ገደል ይከታችኋል። ሠራተኛው ካመነታ የመዝገብ ሥራቸውን የሚቆጣጠረውን የሕግ ጉዳዮች ቢሮ እንዲጠይቅ ለምኑት፤ የመጠየቅ መንገድ አላቸው። ልደቱን የሚያስረዳው ማስረጃ አንዱ 350 የን ስለሆነ ቅጂ አታሳሱ። ከሁሉ በላይ በሰልፍ አፍራችሁ አትፈርሙ።

ቅጹ የልጁን ስም ካታካና በሚባለው የጃፓን ፊደልም ስለሚጠይቅ እሱንም ቤት ሆናችሁ ጨርሱት። እንደ እኛው አብዛኛው ምልክት ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ የሚይዝ ስለሆነ፣ በእኛ 231 ሆሄያት ላለፈ ሰው 46ቱ መሠረታዊ ምልክቶች አያስፈሩም፤ ወንድ ልጄ በመዋዕለ ሕፃናት ሲያያቸው “አባዬ፣ የእነርሱ ሀ ሁ ትንሽ ናት” ብሎኛል። ነገር ግን ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ እዚያ አይለዩም። እኔ ስሜን አንድ ቦታ በአንድ መንገድ፣ ባንክ ቤት በሌላ መንገድ ጽፌው ደመወዝ መቀበል አስቸግሮኛል።

ካርዷ ታርሞ ከመጣ በኋላ ለክትባት ወሰድናት። ነርሷ በሩን ከፍታ በአባቴ ስም ጀምራ፣ ለሕፃን የሚባለውን “ቻን” አስከትላ ጠራቻት። ማታ ለአባቴ ደውዬ ስነግረው ጥቂት ዝም አለና፣ “ጠሩኝ? አንተስ ምን አልክ ታዲያ?” ብሎ ጠየቀኝ።

“አቤት አልኩልህ” አልኩት።